ጡረተኞችና አራቱ ክፍላተ ዘመን

የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሁለት ዓመት ይቈጥራል። አንደኛው መስከረም 1 ቀን ከዐደይ አበባ ጋር የሚገባው የአገሩ ዓመት ነው። ሁለተኛው ሐምሌ 1 ቀን ከአዲሱ በጀት ጋር ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን በሒሳብ መዝጊያ የሚያበቃው የመሥሪያ ቤቱ ዓመት ነው። ሰውዬው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያውን ይጫነዋል። ዝናም መግባቱን የሚያውቀው ጫማው ሲጨቀይ፣ አዝመራ መሰብሰቡን የሚረዳው የጤፍ ዋጋ ሲለወጥ፣ ጾም መያዙን የሚያስታውሰው ምግብ ቤት ገብቶ ሥጋ ሲያጣ ነው። ጡረታ በወጣ ማግሥት ግን የመሥሪያ ቤቱ ዓመት በድንገት ይዘጋበትና ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ሳያስተውለው የኖረው የአገሩ ዓመት ብቻ ይቀርለታል። በዚህ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ካላወቀ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆንበታል፤ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነበት ሰው ደግሞ ፈጥኖ ይደክማል።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ ጡረተኞች ኑሮ፣ ይልቁንም በአንድ ሰፈር ወይም በአንድ ቅጥር ግቢ ተሰባስበው የሚኖሩ አረጋውያን ዓመቱን በየወራቱ እንዴት እንደሚቀበሉት ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። ነገሩ ሽማግሌዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ወላጆቻችን ዛሬ ያሉበት፣ እኛም ዕድሜ ከሰጠን ነገ የምንደርስበት ኑሮ ነውና ሁላችንንም ይነካናል።

ጡረታ የሚለው ቃል

አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ይህን ቃል በብዙ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ታገኙታላችሁ። «ጡረታ» የመጣው «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው። መጦር ማለት አቅም ያነሰውን ሰው፣ ይልቁንም ወላጅን፣ እያበሉና እያለበሱ መያዝ ነው። ሥሩ በግዕዝ «ጾረ» ሲሆን ትርጓሜው «ተሸከመ» ማለት ነው፤ ትግርኛ የአፍ መፍቻችን የሆነው እኛም እስከ ዛሬ ሸክም ለመሸከም «ጾረ» እንላለን። ከዚሁ ግሥ ጧሪ፣ ተጧሪና ጡረተኛ የሚሉት ቃላት ይወጣሉ። ሽማግሌ ወጣትን ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። በምርቃቱ ውስጥ ያለው ጧሪ ልጅ ነው፤ በአዋጁ ውስጥ ያለው ጧሪ ግን መንግሥት ነው።

በ1955 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ይህን የመጦር ዕዳ በከፊል ከልጆች ትከሻ ወደ መንግሥት አሸጋገረው። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኞች የዚሁ መብት ተካፋዮች ሆኑ። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ ዛሬ 60 ዓመት ነው። አዋጁ ለጡረተኛው የወሩን አበል ይሰጠዋል፤ የወሩን ውሎ ግን ሊሰጠው አይችልም። ውሎውን ራሱ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ መሥራት አለበት።

እግረ መንገዳችንን ስለ አክብሮትም አንድ ቃል እናክል። በጽሕፈት «አረጋዊ» ወይም «አዛውንት» ይባላል። ፊት ለፊት ሲናገሩ ግን ወንዱን «አባባ» ወይም «ጋሼ»፣ ሴቲቱን «እማማ» ወይም «እትዬ» ማለት ይገባል። «አሮጊት» የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላት ቢገኝም ባለቤቲቱ እየሰማች መናገር ነውር ነው።

ኮቱን ለብሶ የሚቀመጠው ሰው

እኛ በልጅነታችን የተማርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ነበረ ቀናችን በደወል የተከፋፈለ ነበር። ለጸሎት ይደወላል፤ ለትምህርት ይደወላል፤ ለምሳ ይደወላል፤ ለመኝታም ይደወላል። ወደ መንግሥት ሥራ በገባን ጊዜ ደግሞ ደወሉን የሰዓት ፊርማ ተካው። ስለዚህ ደወሉም ፊርማውም ባንድ ቀን የቀረበት ሰው ምን እንደሚሰማው ለመገመት አይቸግረንም።

በትግራይ ደጋ በምትገኝ በአንዲት ከተማ ውስጥ ቤታቸው በአንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ የሆነ አሥራ አንድ ጡረተኞች ነበሩ። ከመምህርነት፣ ከጤና ጥበቃ፣ ከእርሻ፣ ከፍርድ ቤት የወጡ ወንዶችና ሴቶች ናቸው። ከመካከላቸው አንደኛው በመዝገብ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ጧት ጧት ኮታቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን በደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር። «ወዴት ሊሄዱ ነው?» ተብለው ሲጠየቁ «የትም» ይላሉ። ከዚያም ኮቱን መልበስ ተዉ፤ ጥቂት ቆይቶም ከአልጋ መነሣቱን ተዉ። ሐኪም መረመራቸው፤ ነገር ግን የተለየ ሕመም አላገኘባቸውም።

ባልደረቦቻቸው ተጨንቀው ተመካከሩ። ቀድሞ በእርሻ መሥሪያ ቤት የሠሩት ሰው አንድ ወፍራም ደብተር ገዝተው ወደ ቤታቸው ገቡና «ጋሼ፣ የዚህ ሰፈር ዝናም እስከ ዛሬ መዝገብ የለውም፤ መዝገብ አያያዝ የሚያውቅ ደግሞ ከእርስዎ በቀር የለንም» አሏቸው። ሽማግሌው ደብተሩን አገላብጠው ካዩ በኋላ ማስመሪያ እንዲሰጧቸው ጠየቁ።

መዝገቡ የተከፈተው በ2009 ዓ.ም. ነው። ዝናም የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ በረዶ የጣለበት ቀን፣ የመጀመሪያው ነጐድጓድ፣ ዐደይ አበባ የታየበት ዕለት፣ የውርጭ ሌሊት ሁሉ በየዓምዱ ይጻፍበታል። ዝናሙን የሚለኩት በግቢያቸው መካከል ባኖሩት ቀጥ ያለ ጣሳና በማስመሪያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የከተማው ዳር ገበሬዎች በሰኔ ወር እየመጡ «ዓምና በስንተኛው ቀን ገባ? ካቻምናስ?» ብለው ይጠይቋቸው ጀመር። ሽማግሌውም ኮታቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ መዝገቡን ገልጠው ይመልሳሉ። እኒህን ሰው ከአልጋ ያነሣቸው ዓመቱ ራሱ እንደ ገና ሥራ ስለ ሰጣቸው ነው።

የወቅቶቹ ስምና ወሰን

በባሕረ ሐሳብ ዓመቱ በአራት ይከፈላል። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ስለዚህ እንቍጣጣሽና መስቀል፣ ምንም እንኳ ሰማዩ ቢጠራ፣ በቍጥሩ ገና በክረምት ውስጥ ናቸው። ገበሬው ደግሞ በራሱ አፍ ዝናሙ ካቆመ በኋላ ያለውን ጊዜ «ጥቢ»፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለውን ትንሹን ዝናም «በልግ» ይለዋል። በትግርኛ ቀውዒ፣ ሓጋይ፣ ጽድያና ክረምቲ እንላቸዋለን።

በትርጕም ሥራ ላይ ያላችሁ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባችኋል። በውጭ አገር መጻሕፍት የበረዶው ወራት «ክረምት» ተብሎ ሲተረጐም እናያለን። የእኛ ክረምት ግን የሚወርደው በአውሮፓ ፀሐይ በምትበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ቃሉ አንድ ቢሆንም ወሩ ሌላ፣ ኑሮውም ሌላ ነው።

ክረምት፦ ማንም ብቻውን ቡና አይጠጣም

ከአራቱ ሁሉ ለአረጋዊ የሚከብደው ክረምት ስለ ሆነ ከእርሱ እንጀምር። እርጥበቱ ከጕልበትና ከወገብ ይገባል፤ መንገዱ ያንሸራትታል፤ ጠያቂ ዘመድም ዝናሙን እያሳበበ ይቀራል። በዚህ ወራት ጡረተኛን የሚጎዳው ከብርዱ ይልቅ ብቸኝነቱ ነው። ስለዚህ እነዚያ አሥራ አንዱ ጎረቤታሞች አንድ ሕግ አወጡ፤ ይኸውም ከሰኔ ሚካኤል እስከ መስቀል ድረስ ማንም ብቻውን ቡና አይጠጣም የሚል ነው። ቡናው በየቤቱ በተራ ይፈላል፤ አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት ሰው ይቈጠራል፤ የጎደለ ካለ ወጣት ልጅ ይላክበታል።

ይህ ሕግ ለጨዋታ ብቻ የወጣ አለመሆኑ በአንድ የሐምሌ ቀን ታወቀ። ከመካከላቸው አንዲት እናት በጓሮአቸው ጭቃ ተንሸራትተው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ልጆቻቸው በሩቅ አገር ናቸው፤ የቤት ሠራተኛም የላቸውም። በቡናው ሰዓት ስለ ቀሩ የተላከው ልጅ አገኛቸውና ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። የቡናው ተራ ባይኖር ኖሮ ዝናብ ላይ እንደ ወደቁ በመሸባቸው ነበር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ተረት በዚህ ሰፈር ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ሕግ የሚጠቀስ ሆኗል።

ለክረምት የሚደረገው ዝግጅት በግንቦት መጀመር አለበት። ጣራ የሚጠገነው፣ የውሃ መውረጃ ቦይ የሚጠረገው፣ እንጨት የሚከመረው፣ በደጃፍና በጓሮ መረማመጃ ድንጋይ የሚነጠፈው ያን ጊዜ ነው። ከሁሉም በላይ የምናስጠነቅቀው ስለ ከሰል ነው። ብርድ የጠናበት ሰው በርና መስኮቱን ዘግቶ፣ የከሰል ምድጃ ከአልጋው አጠገብ አኑሮ ይተኛል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዘኛ ጢስ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ስለዚህ ከመኝታ በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ ማውጣት ይገባል። ብርዱን በወፍራም ጋቢና በትኩስ ሾርባ መከላከል ይሻላል።

ክረምት ደስታም አለው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም ነው፤ ሽማግሌዎች በአንድነት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲሆን ልጆች ጅራፋቸውን እያጮኹ በየደጁ ይመጣሉ፤ ሙልሙል ጋግሮ የሚጠብቃቸው አያት ያለበት ቤት ደጁ አይዘጋም። በትግራይ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የአሸንዳ ልጃገረዶች ይወጣሉ። ከዚያም አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን ትመጣለች። ጳጉሜን 3 ቀን በሩፋኤል የሚወርደውን ዝናም ጠበል ነው ብለው ልጆች ሲታጠቡበት፣ አያቶች በመስኮት ሆነው ያዩአቸዋል።

መፀው፦ የመጠያየቅ ወራት

ዝናሙ ሲያቆም ሽማግሌው ወንበሩን ወደ ደጅ ያወጣል። መስከረም 16 ቀን ማታ ወይም በማግሥቱ የደመራው ምሰሶ ወዴት እንደ ወደቀ አይቶ የሚተረጕም እርሱ ነው። በዚሁ ሰሞን በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የኦሮሞ ሕዝብ ኢሬቻን ሲያከብር እርጥብ ሣር ይዘው ስለ ክረምቱ ማለፍ ምስጋና የሚያቀርቡትን ሰዎች የሚመርቁት አባቶች ናቸው። በሁለቱም በዓል አረጋዊ የዳር ተመልካች አይደለም፤ ያለ እርሱ በዓሉ አይሟላም።

ኅዳር 12 ቀን በብዙ ከተማ የየሰፈሩ ቍሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. አገራችንን የመታውን የኅዳር በሽታ የሚያስታውስ ነው። ያን ወረርሽኝ ራሱ ያየ ሰው ዛሬ የለም፤ ታሪኩ የሚተላለፈው ከአያቶቻቸው በሰሙት በዛሬዎቹ አያቶች አንደበት ነው። ኅዳር 21 ቀን ደግሞ የአክሱም ጽዮን በዓል ስለሚውል አቅም ያለው ጡረተኛ ከጓደኞቹ ጋር መንገድ ይወጣል።

እህሉ የሚሰበሰብበት ወራት ስለ ሆነ ዘመድ ከገጠር እሸት ይዞ ይመጣል፤ ጡረተኛውም ልጆቹን ለማየት ይሄዳል። ነገር ግን ወደ ቆላ ለሚወርድ አንድ ምክር አለን። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ በብዙ ቆላ ስፍራ ወባ የሚበረታበት ስለ ሆነ አጎበር ይዞ መሄድና ትኩሳት ሲሰማ ቶሎ መመርመር ያስፈልጋል። የደጋ ሰው ሰውነት ወባን አልለመደም፤ ዕድሜ ሲጨመርበት ደግሞ ይከፋል።

በጋ፦ ሽማግሌ የሚፈለግበት ወራት

ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ይውላሉ። ከዚያ ቀጥሎ የሠርግ ወራት ነው። በዚህ ጊዜ «ሽማግሌ» የሚለው ቃል ሁለተኛ ትርጕሙን ያገኛል። በዕድሜ የገፋ ማለት ብቻ ሳይሆን ልጅ ለመጠየቅ፣ የተጣላ ለማስታረቅ፣ ዕዳ ለማስማማት የሚላክ ሰው ማለት ይሆናል። በፍርድ ቤት የሠሩት ጡረተኛ «በወንበር ላይ ሳለሁ ከፈረድኩት ይልቅ በጥርና በየካቲት ከዛፍ ሥር ተቀምጬ ያስታረቅኩት ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ የፈረድኩባቸው ይግባኝ ብለዋል፤ ያስታረቅኳቸው ግን ለልጆቻቸው ክርስትና ጠርተውኛል» ሲሉ ሰምተናቸዋል።

የበጋ ችግሩ ሌሊቱ ነው። ቀን ፀሐይ ቢሞቅም በታኅሣሥና በጥር ሌሊት በደጋ ውርጭ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሽማግሌ ሠርግ ቤት አምሽቶ ብቻውን አይመለስም። ቀጥሎም ዓቢይ ጾም 55 ቀን ይጾማል። ጾም የዓመቱ ምሰሶ ነው፤ ዳሩ ግን የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ አረጋዊ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ አይገባም። ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ለሰውነቱ የሚስማማውን ሥርዓት መያዝ ይችላል። የታመመ ሰው ጾምን በአቅሙ መጾሙ እንግዳ ነገር አይደለም።

እስላም ወንድሞቻችንን ብናይ ደግሞ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ አንድ ዙር ያደርጋል። ስለዚህ ስድሳ ዓመት የሞላው ሙስሊም ረመዳንን በክረምትም፣ በመፀውም፣ በበጋም፣ በፀደይም አይቶታል ማለት ነው። በዚያ ሰፈር ያሉት ሙስሊም ጡረተኛ ረመዳን በክረምት የዋለበትን ዓመት ከእናታቸው የገብስ ሾርባ ጋር አያይዘው ያስታውሱታል። በረመዳን ጎረቤቶቻቸው የቡናውን ተራ ከማፍጠሪያ በኋላ ያደርጉላቸዋል።

ፀደይ፦ ጓሮ የሚቈፈርበት ጊዜ

ፋሲካ አልፎ ሚያዝያና ግንቦት ሲደርስ አገሩ ደረቅ ነው። በልግ የሚዘንብበት አገር ያርሳል፤ የማይዘንብበት ሰማይ ያያል። ግንቦት 1 ቀን በልደታ ጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮ ቀቅሎ ከደጅ ይበላል። ለጡረተኛ ይህ ወራት የጓሮ ወራት ነው። ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ጌሾና ጎመን ብዙ መሬት አይፈልጉም፤ ጧት አንድ ሰዓት ማጎንበስና መኮትኮት ለሰውነትም ይረዳል። ዳሌያቸው ተሰብሮ የነበሩት እናት ከዳኑ በኋላ ማጎንበስ ስላልቻሉ ጎረቤቶቻቸው በድንጋይ ከፍ ያለ መደብ ሠርተውላቸው ዛሬ ቆመው ይተክላሉ።

በሌሎች ዘንድ እንዴት ነው?

የአረጋውያን አብሮ መኖር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ባል ወይም ሚስት የሞተበት፣ ልጆቹን የዳረ ሰው ቆብ ደፍቶ በገዳም ወይም በደብር ቅጥር ጎጆ ቀልሶ መኖር የቆየ ልማድ ነው። በሰሜን ሸዋ በሸለቆ አፋፍ ላይ ያለችው ደብረ ሊባኖስ፣ በ13ኛው ምዕተ ዓመት በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተችው፣ እስከ ዛሬ ብዙ አረጋውያን መነኮሳትና መነኮሳይያት ይኖሩባታል። ዓመታቸው በጾምና በበዓል የተከፈለ ነው፤ ግንቦት 12 እና ነሐሴ 24 ቀን ሲሆን ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ ያጥለቀልቃቸዋል።

በቦረና ኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ደግሞ የመጨረሻው እርከን ገዳሞጂ ይባላል። በዚህ እርከን ያለ ሰው ከሥልጣን ርቆ ለምርቃትና ለሰላም የተለየ ነው። ይህን ሥርዓት በሰፊው ካጠኑት መካከል አንዱ በ1973 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስለ ገዳ መጽሐፍ ያሳተሙት የኤርትራው ተወላጅ ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ ናቸው። ዩኔስኮም በ2016 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የገዳን ሥርዓት በሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚህ የምንማረው ጡረታ በማዕርግ የሚገቡበት እርከን ሊሆን እንደሚችል ነው።

ጧሪ ያጡትን የሚሰበስቡ ቤቶችም አሉ። በክቡር ዶክተር ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጎዳና የተነሡ አረጋውያንን ይጦራል። በእንዲህ ያሉ ቤቶች ጠያቂ የሚበዛው በበዓል ቀን ነው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናም በሚወርድበት በማክሰኞ ቀን የሚመጣ አንድ እንግዳ ለአረጋዊው ከበዓሉ ሕዝብ ይበልጥበታል።

አበሉ በተቋረጠ ጊዜ

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ በተፈረመው ስምምነት እስኪቆም ድረስ ብዙ ቤት ፈረሰ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች በተዘጉባቸው ወራት የጡረታ አበል አልተከፈለም፤ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒትም ጠፋ። አበል ሲቋረጥ ጡረተኛ ወደ ቀድሞው ትርጕም ይመለሳል፤ ማለት የሚሸከመው ሰው ያስፈልገዋል።

ያ ሰፈር በዚያ ጊዜ የቡናውን ሕግ ከክረምት ወደ ዓመት ሙሉ አዘዋወረው። ቡና በጠፋ ጊዜ ገብስ ቆልተው አፈሉ፤ ገብሱም ባለቀ ጊዜ ጀበናው ውሃ ብቻ እየፈላበት ተሰበሰቡ፤ ሰውም እንደ ወትሮው ተቈጠረ። በጓሮ ያለው ጎመን በየቤቱ ተካፈለ። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ፣ አንደኛው የስኳር መድኃኒት አጥተው፣ በዚያ ዘመን ዐረፉ። ዕድር ገንዘብ ስላልነበረው ጎረቤቶቹ በእጃቸው ቈፍረው ቀበሯቸው።

የመዝገብ ቤቱን ሰው ደብተር ተመልክተነዋል። የ2013 እና የ2014 ዓ.ም. ክረምት አንድም ቀን ሳይዘለል ተጽፏል። ቀለም ስለ ጠፋ በእርሳስ ነው የተጻፈው። ዝናም ስንት ጣት እንደ ሞላ፣ በረዶ መቼ እንደ ጣለ፣ ዐደይ አበባ በስንተኛው ቀን እንደ ታየ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አንድ ቃል የለበትም። «ለምን አላቋረጡም?» ብለን ብንጠይቃቸው «ልጄ፣ ክረምቱ እኮ አላቋረጠም» አሉን።

ለአንባቢዎቻችን

ከዚህ ሁሉ በኋላ በሥራ ላይ ላለነው የሚከተለውን ለማሳሰብ እንወዳለን። አንደኛ፣ የጡረታን ኑሮ በ60ኛው ዓመት ለመጀመር አይታሰብ፤ ጎረቤት፣ ማኅበርና ጓሮ ጊዜ ይፈልጋሉና ከአሁኑ ይያዙ። ሁለተኛ፣ ባልደረባ ጡረታ ሲወጣ ሽልማትና ግብዣ ማድረጉ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ከግብዣው በኋላ በሦስተኛው ወር ማን እንደሚጠይቀው በዚያው ዕለት መወሰን ይሻላል። ሦስተኛ፣ ለአረጋዊ እርዳታ ስናደርግ ከብርድ ልብስ ጋር የሚሠራውን ሥራ አብረን እንስጠው፤ ሥራውም ወራት ያለው ይሁን። ችግኝ የሚጠብቅ፣ የሰፈር ልጆችን ፊደል የሚያስቈጥር፣ የዕድር መዝገብ የሚይዝ ሽማግሌ ነገ የሚጠብቀው ነገር አለው።

በየሰፈራችሁ ከሰኔ ጀምሮ ብቻቸውን የሚሆኑት አረጋውያን እነማን እንደ ሆኑ ታውቋቸዋላችሁ። ዝናሙ ከመጽናቱ በፊት ደጃቸውን አንኳኩ፤ ጣራቸውንም ተመልከቱ፤ ቡናውንም በተራ አፍሉ።